የኖርም ቋጠሮ

ኖርም ዕድሜውን በሙሉ በታስማኒያ ባሕር ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። እጁ የገባ ገመድ ሳይታሰር አይቀርም። ያን ቀን ያሳሳተውም ይኸው እጁ ነበር።

ሞተሩ ቀጥ ብሏል፤ ጀልባዋ ውሃ እያስገባች ነው። ታናሽ ወንድሙን ኪትን ማዕበል ከወለሏ ጠርጎ ወስዶታል፤ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይሰወራል። ለእርዳታ የጠሩት ሄሊኮፕተር ሲደርስ ብሬት የሚባል ነፍስ አድን ዋናተኛ በብረት ሽቦ ወረደ። ኪት ርቆ ስለነበር ሽቦውን ከወገቡ ፈትቶ ዋኘ። ሽቦውን እንዳይነካ ለኖርም ጮኾ ነበር፤ ድምፁን ነፋሱ በላው።

ሽቦው እየተወዛወዘ መጥቶ ጀልባዋ ላይ አረፈ። ኖርም ሳያስብ ያዘው፤ የጀልባዋ የብረት ቋሚ ላይ ጠምጥሞ አጠበቀው።

ጀልባዋ ከማዕበሉ ጫፍ ቁልቁል ስትወርድ ሽቦው ተወጠረ። ሄሊኮፕተሩ ከነሰዎቹ ወደ ባሕሩ አዘነበለ። ኖርም የሠራውን ያወቀው ያኔ ነው። ሊፈታው ታገለ፤ ጥፍሩ ተነቀለ እንጂ ሽቦው ንቅንቅ አላለም።

ብሬት ኪትን በአንድ ክንዱ አቅፎ ቀና ብሎ አየ። መመለሻው ያ ሽቦ ብቻ ነው። ሌላውን እጁን አንስቶ በአንገቱ ላይ አሳለፈ፤ ቁረጡት ማለቱ ነው። አላመነታም። የሄሊኮፕተሩ ሰዎች ከላይ ቆረጡት።

ኖርም ብዙ ደፋር ሰው አይቷል። መውጫውን በገዛ እጁ የሚያስቆርጥ ግን አላየም።

ብሬት ኪትን እየጎተተ ቀረበ። ኖርም «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወንድሜን ይዘህ ሂድ» አለው።

«በምን ልሂድ? በእግሬ?» አለ ብሬት። «እጅህ ማሰር ከወደደ፣ ያን የወጥመድ ገመድ ከነተንሳፋፊ ኳሶቹ ይዘህ ዝለል። እኛን እሰረን፣ ሽማግሌው።»

ኖርም ዘለለ። ሦስቱንም አንድ ላይ አሰረ። ጀልባዋ ከኋላቸው ሰጠመች፤ ሄሊኮፕተሩም ነዳጅ ሊያልቅበት ሲል ሌላ ጠርቶ ሄደ።

ብሬት ጀርባውን ለማዕበሉ ሰጠ። የሚመጣው ውሃ ሁሉ መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው። ኪት ዓይኑን ሊከድን ሲል የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን ይሰድብበታል፤ ኪት ተናዶ ይነቃል። ብሬት ውሃ በዋጠ ቁጥር ተፍቶ ስድቡን ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁለተኛው ሄሊኮፕተር ሲመጣ ገመዱ በእጅ አልፈታ አለ። ብሬት ቢላዋ አወጣ።

«ቋጠሮህ ደህና ነው» አለ።

ኪትን አስቀደመ፤ ኖርምን አስከተለ። ኖርም ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየ። በዚያ ሁሉ ጥቁር ውሃ መካከል አንድ ብርቱካንማ ነጥብ ብቻ ነበረች፤ የብሬት ልብስ። ማዕበል ሲሸፍናት ኖርም ትንፋሹን ይይዛል፤ ስትወጣ ይተነፍሳል። ሽቦው እስኪያነሳት ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

ብሬት ገብቶ ወለሉ ላይ እንደተዘረረ እንቅልፍ ወሰደው። ከኖርም ፊት ለፊት አንድ የተፈታ ማሰሪያ ይወዛወዝ ነበር። ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው፤ የተኛውን ሰው እያየ የብስ ደረሰ።