አስራ አንድ አንዶች

ሣህሉ መሸነፍ እንደ ኮሶ ይመረዋል፤ ይህን የማያውቅ የምድር ባቡር ጡረተኛ የለም። ከአምስት ዓመት በፊት ከዚራ ሰፈር፣ ኒም ዛፉ ሥር ተቀምጦ፣ አንድ አስራ አንድ ጊዜ የተደረደረበት ቁጥር፣ 11,111,111,111፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል አይካፈልም ብሎ ድርቅ አለ። የጣቢያ ጸሐፊ የነበረው ጓደኛው መሃድ ይካፈላል አለው። ተወራረዱ። ስልክ የነካ ተሸነፈ።

ጠዋት ጠዋት ሣህሉ ቁጥሩን፣ ራሳቸው ለሌላ ለማይካፈሉ ሦስት አዳዲስ አካፋዮች በእጁ ያካፍላል፤ መሃድ መልሶ እያባዛ ያረጋግጣል፤ ከዚያ እንደ ባቡሩ ወግ ሁለቱም ይፈርማሉ። ለሁለት እምቢ፣ ለሦስት እምቢ፣ ለሰባት እምቢ። እስከ መቶ አምስት ሺህ ከምናምን ድረስ ካልተገኘ ድሉ የሣህሉ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው እንኳ ከዚያ የሚያንስ አጣማጅ ሊኖረው ግድ ነውና። አርባ ሺህን ሲያልፉ ሣህሉ መንጠባረር ጀምሮ ነበር። መሃድ ደግሞ ስህተት አሳልፎ የማያውቅ ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት ምስጥ የድሮውን ደብተር ጠርዙን በላው። ሣህሉ ወደ አዲስ ሊገለብጠው ተቀመጠ፤ አርባ ዓመት የብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የቆመ እጅ ሳይለካ አያልፍምና እየገለበጠ ያሰላ ነበር። 21,649 ላይ ሲደርስ ቆመ። ያንን በዘጠኝ አባዝቶ 194,831 ብሎ ጽፏል። ትክክሉ 194,841 ነው። አስር ቀሪ ያሰፈረበት ቦታ ዜሮ መሆን ነበረበት። ቁጥሩ ተካፍሏል፤ ድርሻው 513,239። ከሥሩ የመሃድ ፊርማ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

ሁለት ዓመት በከንቱ በመልፋቱ ተናደደ። እውነቱን ለመናገር በመሸነፉም ተናዷል። ያልገባው ግን አሸናፊው ሰውዬ ማሸነፉን እንዴት እንዳላየ ነው።

በማግስቱ ደብተሩን ዘረጋለት። መሃድ ገጹን ገና ከሩቅ አወቀው።

«ያኔውኑ አይቼዋለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«አቦ፣ ሚስትህ ከሞተች አርባዋ እንኳ አልወጣም ነበር። ይሄ ነገር ካለቀ ጠዋት ምን ብለህ ከቤት ትወጣለህ?»

ሣህሉ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ። ያን ሰሞን ከአልጋ ያስነሳው ሌላ ምንም እንዳልነበረ ያውቃል። ስህተቱን ሰርዞ ዜሮ ጻፈና እንደተሸነፈ በአፉ ተናገረ።

ከዚያ መሃድ አስራ ሦስት አንዶችን ደርድሮ ሰጠው፤ ቁጥሩ ለሃምሳ ሦስት ተካፍሎ እዚያው አለቀ። ሁለቱም ደነገጡ። ሣህሉ አዲስ ገጽ ገልጦ አስራ ሰባት አንዶችን ጻፈ። መሃድ እስከ የት መሄድ እንዳለባቸው በልቡ ገምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ለዚህኛው ዕድሜያችን አይበቃም።»

«አይብቃ» አለ ሣህሉ።