መብረቅ አይደለም

«ኢምፓየር የሚለውን ቃል ኩባንያ በዪው» አሉኝ አቶ ገናናው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጀርመን አገር ጊንሃይም ያለው አዳራሻችን ውስጥ ወንበር እየደረደርን ነው። የያዝኩትን ወንበር አስቀምጬ ቀና ብዬ አየኋቸው። እየቀለዱ አልነበረም። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የማኅበራችን ሊቀ መንበር ሆነው ሲኖሩ ሲቀልዱ አላየሁም።

ማኅበሩ የእኛ የአዛውንቶቹ ነው፤ ግማሻችን ከኢትዮጵያ፣ ግማሻችን ከኤርትራ። በወር አንድ ጊዜ ፊልም እናያለን። አርባ ዓመት ጀርመን አገር ቢኖሩም ከስክሪን ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ የጀርመንኛ ጽሑፍ ማንበብ ለብዙዎቹ አይሆንላቸውም። ስለዚህ እኔ ማይክሮፎን ይዤ ከጎን እቀመጥና እያነበብኩ በአማርኛ እተረጉምላቸዋለሁ፤ አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም ይተረጉሙ እንደነበሩት ጎረምሶች። ጎረምሶቹ ከራሳቸው እየጨመሩ ሕዝቡን ያስቁት ነበር። እኔ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ሠላሳ አንድ ዓመት በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሳስተረጉም ሰው ሲሳደብ ስድቡን፣ ሲዋሽም ውሸቱን እንደወረደ አቅርቤያለሁ። በዚህ እኮራለሁ፤ ደብቄውም አላውቅም።

የዚያን ወር ፊልም የመረጠው ኣልኣሚን ነው። ኣልኣሚን የምጽዋ ልጅ ነው፤ ወደብ ላይ ነው ያደገው። ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ሽፋኑ ላይ መርከብ ቢያይ ጊዜ የባሕር ፊልም መስሎት ተውሶ መጣ። መርከቡ የሚበር ሆኖ ተገኘ። ጃፓኖች የሠሩት ካርቱን ነው፤ በረዶ በሸፈናት አንዲት ጨረቃ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ከሩቅ በሚገዛቸው ኢምፓየር ላይ ሲያምጹ ያሳያል። አቶ ገናናው ለጥንቃቄ ብለው ቤታቸው ወስደው ቀድመው አይተውታል። እኔ አላየሁትም፤ ሳላየው መተርጎም ነው የምወደው።

«ለምንድን ነው ኩባንያ የምለው?» አልኳቸው።

«ያን ሐሙስ ረሳሽው?»

እንዴት እረሳዋለሁ። በዚያ በመጨረሻው ጦርነት ጊዜ፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ቃል ተነስተን ወንበር ተወራውረናል። ሰው ተፈንክቷል። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ ለምነው የሰበሰቡን አቶ ገናናው ናቸው። በሩ ላይ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ተለጥፏል፤ «እዚህ ፖለቲካ አይነሳም» ይላል።

«ኢምፓየር ያልሽ እንደሆነ ግማሹ ሰው ግማሹን ዞሮ ነው የሚያየው» አሉ። «ደግሞ መሀል ላይ አንድ ከተማ ይቃጠላል። እሱን መብረቅ ነው በዪ። ውሸት እንዳይመስልሽ፤ ፊልሙ ራሱ መብረቅ ነው ይላል። ኡንተርቲተሉ ላይ፣ ከሥር በሚመጣው ጽሑፍ ታነቢዋለሽ።»

እሺ አልኩ። እዚህ ላይ ራሴን አልምረውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ቀሚሴ ሥር ወረቀት ደብቄ የበተንኩ፣ ጓደኞቼ ያለቁብኝ ሴት፣ በስልሳ ሰባት ዓመቴ እሺ አልኩ። ከሐሙስ በቀር የምሄድበት የለኝም። ማኅበሩ ደግሞ ቢፈርስ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት ነው ዕጣዬ።

ከዚያ ጸሃይቱ መጣች። ጸሃይቱ አርባ ዓመት ጓደኛዬ ናት፤ ከጻይልስሃይም አውቶቡስና ባቡር ቀያይራ ነው የምትመጣው። ዓይኗን ከታመመች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ዳር ዳሩን እንጂ መሀሉን አታይም። ሰው ፊቷ ሲቆም ጆሮውና ትከሻው ይታያታል፣ ፊቱ የለም። ፊልም የምታየው በእኔ አፍ ነው። አጠገቤ ትቀመጥና እጅጌዬን ትይዛለች።

«ወርቄ፣ ዛሬ ምንድን ነው?»

«ካርቱን።»

«ቆልዑ ዲና? በዚህ ዕድሜያችን የልጆች ነገር!» ብላ ሳቀችና ከዘራዋን ወንበሩ ሥር አስገባች።

ፊልሙ ጀመረ። ጥቁር መርከብ መጥቶ በጨረቃዋ ከተማ ላይ ቆመና ፀሐይዋን ጋረዳት። ከመርከቡ ባለ ዘውድ ባንዲራ ተዘረጋ። «ኩባንያው ግብሩን በበረዶ ይሰበስባል» አልኩ በማይክሮፎኑ። «ይኼ የኩባንያው ጄኔራል ነው።»

«ኩባንያ ጄኔራል አለው እንዴ?» አለ ኣልኣሚን ከፕሮጀክተሩ ጎን።

«ይሄኛው አለው።»

«ቤትሪብስራትስ? የሠራተኛው ተወካይ ዝም ይላል?»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ኣልኣሚን ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው፤ ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። እኔን ግን አሳፈረኝ። ዘውዱን እያዩ፣ ሰው ሲንበረከክ እያዩ፣ እኔ ኩባንያ እላለሁ።

ናጊ የምትባል በረዶ የምታመላልስ ልጅ አለች። ጄኔራሉ ተንበርከኪ ሲላት «ጉልበቴ ለበረዶ እንጂ ለሰው አይታጠፍም» አለችው። ይህንን በደንብ ተረጎምኩላቸው። የልጆች ነገር ነው ብሎ ሲያሾፍ የነበረው ሁሉ አንገቱን አስግጓል። ጸሃይቱ «ተባረኪ!» አለቻት፤ ጮክ ብላ።

ከዚያ ጥቁሩ መርከብ ካለበት ደመና ውስጥ ነጭ ብርሃን ወረደና ከተማው ነደደ።

«ወርቄ፣ ዳር ዳሩ ቀላብኝ። ምን ነው የሚነደው?»

«ከተማው ነው» አልኩ። «መብረቅ ወድቆበት።»

«እግዚኦ!» አለች። በሐዘኔታ ነው ያለችው። የሰማይ ቁጣ ነው ብላ አመነችኝ።

ስክሪኑ ተቀየረና ጸጉሩን ያበጠረ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ታየ። ከኋላው ያ ባለ ዘውድ ባንዲራ ተሰቅሏል። የኢምፓየሩ ዜና አንባቢ ነው። ከሥሩ ጽሑፉ መጣ፤ «ከተማዋ በመብረቅ ተመታለች። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሐዘኑን ይገልጻል።»

አቶ ገናናው እውነታቸውን ነው፤ ፊልሙ መብረቅ ነው ይላል። ማን እንዳለው ነው ያልነገሩኝ። ሰውዬው ማይክሮፎን ይዟል፤ እኔም ማይክሮፎን ይዣለሁ። እሱ የሚዋሸው ለማያያቸው ሰሚዎቹ ነው፣ እኔ ግን እጅጌዬን ለያዘች ጓደኛዬ። ደሜ ፈላ።

«ይቅርታ» አልኩ በማይክሮፎኑ። «ተሳስቻለሁ። ምን ተሳስቻለሁ፣ ዋሽቻችኋለሁ! መብረቅ አይደለም፤ ከተማውን ያቃጠለው ሠራዊቱ ነው። ኩባንያ የሚባልም የለም። ኢምፓየር ነው። ከመጀመሪያውም ኢምፓየር ነው።»

«ወርቅነሽ!» አቶ ገናናው ተነሱ። «እሺ ብለሽኝ አልነበረም? ኣልኣሚን፣ አቁመው!»

ኣልኣሚን ደንግጦ ፊልሙን አቆመው። እሳቱ ስክሪኑ ላይ እንደተንቀለቀለ ደርቆ ቀረ። አቶ ገናናው መጥተው የማይክሮፎኔን ገመድ ነቀሉት። ግማሹ ሰው ግማሹን ዞሮ አየ፤ ልክ እሳቸው እንደፈሩት። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ማኅበራችንን ዛሬ እኔ አፈረስኩት አልኩ በልቤ።

«አቶ ገናናው።»

ጸሃይቱ ናት። እጅጌዬን ለቃ ቆማለች።

«ዓይኔን በሽታ ወሰደው፤ ምንም አላልኩም። ጆሮዬን እንዲወስዱ ማን ፈቀደልዎ?»

«ለሰላም ብዬ ነው ጸሃይቱ። ለሁላችን።»

«እኔ የሌለሁበት ሁላችን አለ?» አለች። «አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሥመራ እማር ነበር። መንደሬን ወታደር አቃጠላት። እኔ የሰማሁት ከሬዲዮ ነው፤ በዚሁ በአማርኛ፤ ሽፍቶች አቃጠሏት ብሎ። በኋላ ሄጄ አመዱን በእጄ ዝቄዋለሁ፤ የማንን ቀለህ እንዳገኘሁም አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ስመላለስ አንድ ቀን ትንፍሽ ብያለሁ? ለማኅበሩ ብዬ ዋጥኩት። አሁን የካርቱኑንም ልዋጥልዎ?»

አርባ ዓመት ሙሉ ቡና አጣጥተናል፣ ልጅ ድረናል፣ ሰው ቀብረናል። ይህን አላውቅም ነበር። አልጠየቅኳትማ።

አቶ ገናናው የነቀሉትን ገመድ እንደያዙ ቆመዋል። «ያን ዜና እኔም ሰምቼዋለሁ» አሉ ዝቅ ብለው። «አምኜው ነበር።» ከዚያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «ዛሬ ይብቃን፤ እንዲህ ሆነን አንቀጥልም» ብለው መብራቱን አበሩት።

«ኣልኣሚን፣ ፊልሙን ልቀቀው» አልኩ።

ኣልኣሚን እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። «ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሳልጨርሰው አልመልሰውም» አለና ለቀቀው።

መብራቱ እንደበራ ፊልሙ ገርጥቶ ቀጠለ። ማይክሮፎን የለኝም፤ በጉሮሮዬ ጮኽኩ። አመዱ መሀል አንድ ሽማግሌ ፖስተኛ ቆሞ ባለቤት የሌላቸውን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ እያነሳ ስም ይጠራል። «የሞቱትን እየጠራቸው ነው» አልኩ። «ሃሩ። ሚዮ። ሶዳ ከነልጆቹ።»

«ለተስላሴ» አለች ጸሃይቱ።

መጀመሪያ ሰው የጠራች መስሎኝ ነበር።

«ለተስላሴ፣ እናቴ። ገብረትንሳኤ፣ አጎቴ፤ እግሩን ታሞ ተኝቶ ነበር። ይህ የኛ ቤት ነው። ከኛ ቀጥሎ ራሕዋ። ልጇ ትኩእ፣ ገና የሚድኸው።»

ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ከኋላ ያሉት አይሰሟትም። እሷ አንዱን ስትጠራ እኔ ተቀብዬ ጮክ ብዬ ደገምኩት። አንድ ሰው ካፖርቱን አንስቶ ወጣ። ሌሎቹ የተቀመጡት ተቀምጠው ቀሩ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ለማየት አልዞርኩም። ኣልኣሚን ሳይታዘዝ የፊልሙን ድምፅ ቀነሰው።

አቶ ገናናው ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆመው ጠበቋት። ትንፋሽ ለመውሰድ ስትቆም «እሺ፣ ጸሃይቱ» አሉ፤ አላዘዟትም፣ ለመኗት። «ነፍስ ይማር። ሰምተናል። አሁን በቃ?»

ጸሃይቱ ወደ ድምፃቸው ዞረች። እሷ የምታየው ትከሻቸውን ብቻ ነው።

«አቶ ገናናው፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። «ገና ሁለተኛው ቤት ላይ ነኝ።»