የተቃናው ታርጋ

ባለቤቴ ዴልበርት ሠላሳ አራት ዓመት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ፣ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ከአውራ ጎዳናው ድልድይ አጠገብ ካለው ሣር ላይ ተሰየመ። ታርጋ ሊለቅም ነው። በእኛ ግዛት በኔብራስካ በኩል የማያልፍ የአገር መኪና የለም፤ እሱም አዲስ ግዛት ባየ ቁጥር ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ጨዋታው በአንድ ዓመት ውስጥ ሃምሳውንም የአሜሪካ ግዛት መሙላት ነው። ሁልጊዜ ሃዋይ ትጎድልበታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ከባሕር መሀል መኪና ዋኝቶ ይመጣልሃል?» እለዋለሁ ምሳውን ሳደርስለት።

«በመርከብ ይመጣል። ይልቅ ዳቦውን ስጪኝና ዞር በይ፣ ቬርና፤ መንገዱን ከለልሽብኝ።»

ማየቱ ብቻ አልበቃው ሲል መሰብሰብ ጀመረ። ከሌሎች ሰብሳቢዎች ጋር ይቀያየራል፤ የቀረውን ደግሞ ከጉስ ያገኛል። ጉስ ከከተማችን ዳር የተጋጩ መኪኖች የሚከማቹበት ግቢ ያለው ጓደኛው ነው። ከዚያ የሚመጡት ታርጋዎች የተጨማደዱ፣ ጭቃ የበላቸው ናቸው። ዴልበርት በሳሙና ውኃ ይዘፈዝፋቸውና በጥርስ ብሩሽ ይፈትጋቸዋል፤ ከዚያ ጣውላ ላይ አስተኝቶ በላስቲክ መዶሻ ቀስ እያለ ያቃናቸዋል። የባትላሜራ ባለሙያ እንኳ ቢያየው ይቀናበት ነበር። ሲጨርስ ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ ይመስላል። የጋራዣችን ግድግዳ እንደዚያ እያለ ሞላ።

ያን ዓመት በመጋቢት አስፋልቱ በረዶ ጋግሮ ነበር። ከቤታችን አሥራ ሁለት ማይል ርቀት ላይ አንዲት መኪና ተንሸራታ ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ከተጋጨች በኋላ ጭነት መኪና ሥር ገባች። ጋዜጣው ላይ አነበብኩት። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ከሜይን ግዛት የመጣ፣ ብቻውን ሲነዳ የሞተ። «ምስኪን» አልኩና ገጹን ገለጥኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዴልበርት ከጉስ ግቢ እየሳቀ ተመለሰ።

«ነይ እዪልኝ ይቺን! ነይ!»

የሜይን ታርጋ ነው፤ ጥዱና ትንሿ ወፍ አሉበት። በቁጥር ፈንታ ባለቤቱ ራሱ የመረጠው ጽሑፍ ነበረበት፤ በእንግሊዝኛ «እሺ እማ» ይላል። አንዱ ጥጉ ታጥፎ፣ መሀሉ ሰርጉዷል።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የማን እንደሆነ ምን አውቃለሁ? ጉስን አልጠየቅኩትም።»

እኔ ግን ጋዜጣው ትዝ ብሎኛል። ሜይን ሁለት ሺህ ማይል ርቀት ላይ ናት፤ ከዚያ ስንት መኪና መጥቶ እኛ ጋ ይጋጫል? አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ሰንብቼ ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እሱን ሲያቃና ዋለ፤ እኔም ኩሽና ሆኜ የመዶሻውን ድምፅ እየሰማሁ ድንች ላጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ታርጋው የቤታችን ቀልድ ሆነ። ቆሻሻውን አውጣ ስለው «እሺ እማ!» መድኃኒትህን ዋጥ ስለው «እሺ እማ!» እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው። እኔም ከሁሉም ጋር እስቅ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በራችን ላይ ነጭ መኪና ቆመ። ዴልበርት ታርጋውን በመስኮት አይቶ «ኮሎራዶ» አለ እንደ ልማዱ። የኪራይ መኪና ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር ፀጉሯ የሸበተ፣ ለአገራችን ንፋስ የማይሆን ስስ ሹራብ የለበሰች ሴት ወረደች። ቀድሜ በሩን ከፈትኩላት።

«ይቅርታ፣ ሳላስታውቅ መጣሁባችሁ» አለች። «ጃኒን ቲቦዶ እባላለሁ። ከሜይን ነኝ። የተጋጩ መኪኖች የሚሰበስበው ሰውዬ ነው ወደዚህ የላከኝ። የልጄ መኪና ተጨፍልቃ ለብረት ማቅለጫ ሄዳለች አለኝ። ግን… የኋላ ታርጋዋ ባለቤትዎ ጋ እንዳለ ነገረኝ።»

ዴልበርት ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ፊቱ ሲለወጥ ማየት አልፈለግኩም፤ ስለዚህ አልዞርኩም።

«ይግቡ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

በኩሽና በኩል ወደ ጋራዡ ይዘናት ሄድን። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ያበራል። የልጇን ታርጋ ከበሩ ሳታልፍ ነው ያየችው፤ ሰው ከሕዝብ መሀል ልጁን ለይቶ እንደሚያየው። ሄዳ ከፊቱ ቆመች። እጇን አነሳችና ከፊደሎቹ በታች ያለውን ቀኝ ጥግ በጣቷ ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። ከዚያ መሀሉን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች።

«ይኼ አይደለም» አለች።

«እሱ ነው፣ እመቤቴ» አለ ዴልበርት።

«አይደለም። ፖሊሱ አንድ ጊዜ ፎቶ አሳይቶኛል። እዚህ ጋ ታጥፎ ነበር። እዚህ ደግሞ ገባ ብሎ ነበር። ጭቃም ነበረው።»

«እኔ… አቃናሁት» አለ። «አጠብኩትና አቃናሁት።»

ዞራ አየችው። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ በተሻለ ነበር። ሒሳቡ እንዳልገባት ተማሪ ነበር ያየችው።

«ለምን?»

ዴልበርት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን ልበል? አንዱ ይናገር እንጂ ብዬ «እንዲያምር ብሎ ነው» አልኩ፤ ካልኩት በኋላ ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ።

እሷ ግን እንደገባት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ሳንጠይቃት ነገረችን። ልጇ ኮሪ ይባላል። መንዳት ከጀመረ ጀምሮ ከቤት በወጣ ቁጥር «ቀስ ብለህ ንዳ» ትለዋለች፤ እሱም «እሺ እማ» ይላታል። አንድ ቀን «ሁለተኛ እንዳትደጋግሚብኝ» ብሎ ይኼን ታርጋ አሠርቶ መጣ። «ከኋላዬ ቆመሽ ስትሸኚኝ መልሱን ከመኪናው ላይ ታነቢዋለሽ፣ እኔን አታስለፈልፊኝም» አላት። ወደ አይዳሆ ለሥራ የሄደ ቀንም ያነበበችው እሱን ነው፤ መኪናው ወደ ሌላ መንገድ ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ።

«የመጨረሻ ያየሁት ነገር እሱ ነው» አለች። «ፊቱን አላየሁም። በዚያ ብርድ መስኮቱን አልከፈተም።»

ዴልበርት መፍቻውን አነሳ። አንዷ ብሎን አልፈታ አለችው። መፍቻውን ተቀብዬ እኔ ፈታኋት። ታርጋውን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጣት።

«ዕዳዬ ስንት ነው?» አለች።

«ኧረ በእግዚአብሔር!» አለ።

ምሳ ብላት እምቢ አለች፤ አውሮፕላኗ ከዴንቨር ነው የሚነሳው። መኪናዋ ድረስ ሸኘኋትና እዚያ፣ ዴልበርት ሳይሰማ፣ «ጋዜጣው ላይ አንብቤ ነበር» አልኳት። «ታርጋው ሲመጣ የልጅዎ እንደሆነ ገምቼ ነበር። ዝም አልኩ።»

ቁልፏን በእጇ እንደያዘች ቆመች። «ባለቤትዎ ቢያውቅ አያቃናውም ነበር?» አለች።

«አያቃናውም ነበር።»

መኪናዋ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች። ከሰፈራችን እስክትወጣ ድረስ በጣም ቀስ ብላ ነዳች።

ለዴልበርት የዚያኑ ቀን ማታ ነገርኩት። አልጮኸም። «ብትነግሪኝ ኖሮ» አለና ተወው። የቀረውን ሳይናገረው እስከ ዛሬ አለ። ያ ቀልድ ከቤታችን ጠፋ፤ ቆሻሻውንም ሳልነግረው ያወጣው ጀመር።

በሚያዝያ ደብዳቤ መጣ። ከጃኒን ነው። ታርጋውን ከግጭቱ በኋላ ወደ ነበረበት ቅርጽ ልትመልሰው መሞከሯን ጽፋለች። የባሏን መዶሻ ወስዳ ምድር ቤት ወርዳ መትታዋለች፤ ግን አልመስልላት አለ። ጥጉ ወደ ውስጥ ነበር ወይስ ወደ ውጪ? ስርጉዱስ ምን ያህል ይጠልቅ ነበር? «ፎቶውን ያየሁት ለአፍታ ነው» ትላለች። «እርስዎ ግን በእጅዎ ይዘውታል። የሚያስታውስ ሰው ካለ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዴልበርት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወረቀት፣ ማስመሪያና እርሳስ ይዞ ጋራዡ ገባ። ዓይኑን ጨፍኖ አየር ላይ በአውራ ጣቱ ሲዳስስ በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ የዚያን ቀን ጣውላው ላይ ያገኘውን እያንዳንዱን እጥፋት በእጁ እየፈለገ ነበር። ታርጋውን በልኩ ሣለው። ጥጉ ወደ ውጪ፣ እንደ ውሻ ጆሮ። ስርጉዱ የሾርባ ማንኪያ ያህል። ከወፏ ክንፍ ላይ የሚነሳ አንድ ረጅም ጭረት። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በመዶሻ አይምቱት፤ ይሰነጠቃል። ፎጣ ከሥሩ አንጥፈው በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። ይቅር ይበሉኝ።»

ስሙን ከመፈረሙ በፊት ወደ እኔ አየ። «‹ይበሉን› ልበል?»

«‹ይበሉን› በል» አልኩት።

አስተካክሎ ጻፈውና ፖስታ ቤት ራሱ ወሰደው።

መልስ አልመጣም። በጋውን ሙሉ የፖስታ ሳጥኑን ከእኔ ቀድሞ የሚከፍተው እሱ ነበር። የስልክ ቁጥሯ ደብዳቤው ላይ ነበር፤ እኛ ግን አልደወልንም። አንድ ከሰዓት ከሳጥኑ ባዶ እጁን ተመልሶ ጫማውን በር ላይ እያራገፈ «ሆኖላት ይሆናል» አለኝ።

«ሆኖላት ይሆናል» አልኩት፤ ወንበሩንም ሳብኩለት።