ቀድማ የምትስቀው

ሁለት መቶ ሰው ባለበት አዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶውም ሰው ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። "ብስቅ ሞኝ እባል ይሆን?" እያለ ጥርሱን ከድኖ የጎረቤቱን ፊት በጎን ያያል። ቀልደኛው ይህን የተማረው ገና በሥራው መጀመሪያ፣ በላብ ተጠምቆ ከመድረክ በወረደባቸው ቀኖች ነው። ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ከከተማ ከተማ ሲዞር አንድ ሻንጣ፣ አንድ ጥቁር ኮትና ታላቅ እህቱን ይዞ ነው የዞረው።

እህቱ አራተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ትቀመጥና ቀድማ ትስቃለች። ሥራዋ ይኸው ነው። "ይህም ሥራ ሆኖ!" የሚል ካለ አንድ ቀን ይሞክረው። ቀልዱ ሳያልቅ ከሳቁ አዳራሹ ግራ ይጋባል፤ ካለቀ በኋላ ትንሽ ከዘገዩ ደግሞ ቀልዱ በድን ሆኗል። እሷ ግን ቀልዱ ከአፉ ወጥቶ መሬት ሳይነካ ትቀልበዋለች። ሳቋ ከሆዷ ይነሣል፤ መጀመሪያ እንደ ሳል ትንሽ ይታፈንና ከዚያ ፈንድቶ ይወጣል። አጠገቧ ያለው ሰው ሳይወድ በግዱ ይከተላታል፤ ቀጥሎ ረድፉ፣ ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ። የየአዳራሹ የድምፅ ሠራተኞች "ክብሪት" ይሏታል። እሱ የሚጠራት እትዬ ብሎ ነው፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት።

ከእሷ የሚፈልገው ግን ማስጀመሩን ብቻ አልነበረም። ሰው ለይሉኝታም ይስቃል፣ ሞቅ ሲለውም ይስቃል። ቀልደኛው በዚህ ዓለም ላይ የሚያምነው አንድ ሳቅ ብቻ ነበር። አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዲስ ቀልድ ሲነግራት፣ ከልቧ ካላሳቃት ፊቷን አታዞርለትም። "ይሄን ጣለው" ትለዋለች፤ ወይም እንደ ልብስ ሰፊነቷ "ወገቡ ሰፍቷል፣ አጥብበው" ትለዋለች። አጥብቦ ሲያመጣው ከሳቀች፣ ያ ቀልድ የትም ቦታ አያሳፍረውም።

ዘንድሮ ግን እትዬ ተለወጠችበት። አውቶቡስ ላይ መስኮት መስኮቱን ታያለች። አዲስ ቀልድ ሲነግራት ፈገግ ትልና "ጥሩ ነው" ትላለች። ሁሉም ጥሩ ነው። አንድ ቀን ሆን ብሎ እርባና ቢስ የሆነ ቀልድ ነገራት፤ እሱም ጥሩ ነው ተባለ። መድረክ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሳቋ ያው፣ ሰዓቱም ያው፣ መብራት ከጠፋበት ከአንድ ምሽት በቀር አንዲት ዝንፍ የለም። ያስፈራው ይኸው ነው። "ሰልችቻታለሁ" አለ በልቡ፤ "ለሥራው ስትል ነው የምትስቅልኝ።" እሷን ከሰለቻት የቀረው ዓለም ቢያጨበጭብለት ምን ዋጋ አለው? በመጨረሻ ቆረጠ። አንድም ቀን ያልነገራትን ቀልድ መድረክ ላይ ድንገት ያወጣል። ከሳቀች፣ እሱ አሁንም ቀልደኛ ነው ማለት ነው። ካልሳቀች ኮቱን ሰቅሎ ሥራውን ይተዋል።

ይህን የሚሞክርበት ቀን የዋለው አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ሁለት ትርዒት ነበር የጠየቀው፤ አንዱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ለፈትልና ለማቅለሚያ ክፍሎች፣ ሌላው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ለሸማኔዎቹ። የመመገቢያ አዳራሹ ጠረጴዛዎች ወደ ግድግዳ ተገፍተው አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። መድረኩ የጨርቅ ጥቅል የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ ነው። የጥጥ ብናኝ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ አምፖሉ ላይ፣ የሰዉ ቅንድብ ላይ ሳይቀር አርፏል። ሁሉን ያሰናዳችው የሽመና ክፍሏ የፈረቃ አለቃ፣ ወፍራም ረጋ ያለች ሴትዮ፣ ተራዋ ባይሆንም በሩ ሥር ቆማ ለማየት ቀረች።

የአምስት ሰዓቱ ትርዒት እንደ ወትሮው ተጀመረ። የለመዱት ቀልዶች ወጡ፣ እትዬ ሳቀች፣ አዳራሹ ተከተላት። ከዚያ ቀልደኛው ትንፋሹን ሰብስቦ አዲሱን ጀመረ።

"አባታችን ብስክሌት ነበረው" አለ። "መንዳት አይችልም፤ ብስክሌት ግን ነበረው።" አባትየው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ ሥራ ይሄዳል፣ ማታ እየገፋ ይመለሳል። ጎረቤት ለምን አትወጣበትም ሲለው "ለረፈደብኝ ቀን ነው" ይላል። አንድም ቀን ረፍዶበት አያውቅም፤ ብስክሌት ላይ መውጣቱን ስለሚፈራ ሌሊት ነው የሚነሣው።

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። እትዬ አልሳቀችም። መርፌ ውስጥ ክር እንደምታስገባ ሴት ዓይኗን አጥብባ እሱን ብቻ ታያለች።

"አንድ ቀን እናታችን ታመመች" አለ። "እኔና እህቴ አልጋዋ ሥር ቆመን እናለቅሳለን።" የእናቱ ነገር ድንገት ሆዱን አባባውና ማይኩን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ አዛወረ።

እትዬ ሳቀች። ያ የታወቀው፣ ከሆድ የሚነሣው ሳቅ ጸጥ ባለው አዳራሽ መሐል ብቻውን ፈነዳ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ትንሽ ፈቀቅ አለች። ማንም አልተከተላትም።

ቀልደኛው የቀረውን እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። አባትየው ሐኪም ሊጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ብስክሌቱ ላይ ወጣ፤ ሐኪሙ በሩን ሲከፍትለት ከነብስክሌቱ ሳሎን ገባ፤ ማቆም አልተማረማ። አዳራሹ ሳቀ፣ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለይሉኝታ። እናትየው ያን ቀን መዳኗንም ነገራቸው። በዚህ ሁሉ እትዬ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ነበር።

አንድም ቃል ሳይናገር ከጎኑ ያለውን ውሃ ሊያነሣ ማይኩን ወደ ቀኝ እጁ መለሰ። እትዬ እንደገና ሳቀች፤ ያንኑ ሳቅ፣ ሞቅ ያለ፣ ያላንዳች ጉድለት። አሁንስ ቀልድ ቢኖር ነው ብሎ ሰውም አብሯት ሳቀ። ቀልደኛው ክው አለ። ውሃውን ሳይቀምሰው መልሶ አስቀመጠ።

ከመድረክ ወርዶ ወደ ወጥ ቤቱ መተላለፊያ እንደ ገባ የፈረቃ አለቃዋ ጠጋ አለችው። "እህትዎ መስማት ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆናቸው?" አለችው፣ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደምትጠይቅ ዓይነት። ሸማኔ ይህን እንደማይስት ነገረችው። ማሽኖቹ ሲነሡ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ቢጮሁ እንኳ አይደማመጡም፤ ስለዚህ ሁሉም በዓይኑ መስማት ተምሯል። ሌላውን በዓይኑ የሚሰማ ሰው አያያዙ ያስታውቃል አለችው። ይህን ብላ ወንበር ልታስተካክል ሄደች።

ቀልደኛው እዚያው ቆሞ እጁን በአፉ ጫነ። ይህን ዓመት የሠሩባቸውን ቦታዎች ቆጠረ፤ የመምህራን ማሠልጠኛው፣ የወደቡ መጋዘን፣ የሆስፒታሉ ግቢ፣ አርባ ሦስት አዳራሽ። ከአንዱ በቀር በሁሉም አንድ ቀልድ ከመሬት ወድቆበት አያውቅም። ቀልዱ ሲያልቅ ማይኩን ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያዛውር እንኳ እሱ ራሱ አያውቅም ነበር! በዚያ በአንዱ መብራት ጠፍቶ በሻማ ሲሠራ እሷ ጭራሽ አልሳቀችም፤ እሱም አኩርፎ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ አላናገራትም። ማናገሩም ማኩረፉም ለእሷ አንድ እንደነበረ አሁን ገባው። የሚያስደንቅ ነገር የሚያዩ ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ብዙ ጊዜ ሲወራ ሰምቷል፤ እሱን ያ ስሜት የተሰማው ግን በዚያች ቅጽበት፣ በዚያ የወጥ ቤት መተላለፊያ ውስጥ ነው። ግድግዳ ተደገፈ።

እትዬ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የትርፍ ኮቱን ቁልፍ ትተክል ነበር። ከኋላዋ ሆኖ ጠራት፤ ቀና አላለችም። ዞሮ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለና ጠየቃት። ከንፈሩን አይታ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ደረስክብኝ" አለች። ድምፅዋ ከሚገባው ትንሽ ከፍ ይላል። "አምና ከያዘኝ ትኩሳት ወዲህ ነው። መጀመሪያ ግራው፣ ከዚያ ሁለቱም።"

ለምን አልነገርሽኝም አላት።

"ብነግርህ ሳቄን ታምነው ነበር?"

ቀልደኛው አንገቱን ደፋ። እሷ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው፤ አፉን ካላየች ምን እንደሚል አታውቅማ። ቀልዶቹን ሁሉ በቃሏ እንደምታውቅ፣ ማይኩን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዛውር ቀልዱ በጆሮዋ የሚሰማ ያህል ውስጧ እንደሚደርስ፣ ያኔ እንደምትስቅ ነገረችው። ለይስሙላ ስቃ አታውቅም። የዛሬውን ግን አላወቀችውም። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት መሳሳቷ ገብቷታል።

"ምን እያልክ ነበር?"

"የእማዬን መታመም" አላት፤ መዋሸት አልቻለም።

እትዬ መርፌዋን መያዣው ላይ ሰካች። ለዘጠኝ ሰዓቱ እንደማትገባ፣ ከእንግዲህም ቤቷ ሆና ልብሷን እንደምትሰፋ ነገረችው፤ እሱ ያለእሷ መልመድ አለበት። ከዚያ ዓይኗን ወደ ኮቱ መለሰችና፣ "ሳቄ አሁንም ሳቅ ይመስላል?" አለችው። "እኔ ከሰማሁት ዓመት አለፈው።"

ቀና እስክትል ጠበቀ። ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ፤ አዎ፣ አዎ። ቀጥሎ ተነሥቶ አንድ ወንበር አነሣ፣ እጇንም ያዛት። ወንበሩን አራተኛው ረድፍ ላይ አላስቀመጠውም። መድረኩ ላይ አወጣው፣ ከግድግዳው አስጠግቶ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረው። "ዛሬ ምንም አትሠሪም" አላት። "ተቀምጠሽ እይ።"

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሸማኔዎቹ ገቡ፣ ሦስት መቶ ያህል፣ ጥጡን ከፀጉራቸው እያራገፉ። ቀልደኛው ጀርባውን ለእትዬ ሰጥቶ ጀመረ። የመጀመሪያው ቀልድ ወጣና ዝም ተባለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረ፤ እንደዚያ ያለ ረጅም ዝምታ ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጭኑን መታ፣ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ። እነዚህ ሰዎች ማሽን ሲጮህ መሳቅ የለመዱ ናቸው፤ በመላ አካላቸው ነው የሚስቁት። ይጎነበሳሉ፣ የጎረቤታቸውን ትከሻ ይደበድባሉ፣ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው ይንቀጠቀጣሉ።

ከሁለተኛው ቀልድ በኋላ ዞር ብሎ አያት። እትዬ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስቃቸው፣ አብዛኞቹ ሁልጊዜ ከኋላዋ ነበሩ፤ ሰው ሲስቅ ምን እንደሚመስል እንዲህ ፊት ለፊት፣ በጅምላ፣ አይታ አታውቅም። ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል። እንባዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። በእጇ ጠቀሰችው። በከንፈሯ ብቻ "አዲሱን ንገረኝ" አለችው።

ቀልደኛ ለሕዝብ ጀርባውን አይሰጥም፤ በሥራው ይህን የመሰለ ነውር የለም። እሱ ግን ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ለሦስት መቶ ሰው ጀርባውን ሰጠ። ሁለቱም እጆቹ ባዶ ናቸው። ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩና በፊቱ ብቻ፣ ስለ ብስክሌቱ ይነግራት ጀመር። ሸማኔዎቹ ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው ዝም አሉ። ዐሥራ አንዱን ዓመት ነገራት፣ ለረፈደብኝ ቀን የሚለውን ነገራት። እናታቸው መታመሟ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ እትዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ አልሳቀችም። ሐኪሙ በሩን ከፈተ። አባታቸው ከነብስክሌቱ ገባ። ማቆም አልተማረማ።

እንደ ሳል ትንሽ ታፈነች፣ ከዚያ ፈነዳች። ወንበሩ አብሯት እስኪንቀጠቀጥ፣ ግድግዳውን እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች። ከቀልደኛው ጀርባም፣ አንድ ቃል ያልሰማው፣ ከንፈሩንም ያላየው ሦስት መቶ ሰው እሷን ተከትሎ ሳቀ።