ደላላው ይውጣ

መሱዳ የነገሌ ቦረና ከብት ገበያ ደላላ ናት። «ሴት ምን ድለላ ታውቃለች» ያሏት ሁሉ ዛሬ በሬያቸውን እየጎተቱ ከሱቋ በር ላይ ይቆማሉ። ከገጠር የመጣው ሻጭ ኦሮምኛ እንጂ ሌላ አይሰማም፣ ከሞያሌ የመጣው ገዢ ሶማልኛ እንጂ ሌላ አያወራም፤ መሱዳ መሀል ትገባለች። ገዢው «ይህ በሬ ነው ወይስ ቆዳ የለበሰ አጥንት?» ሲል፣ ለሻጩ «ቁመናውን ወዶታል፣ ዋጋው ላይ ትንሽ እጅህን ፍታ ይልሃል» ትለዋለች። ሻጩ «ይህን ሌባ ከዓይኔ አርቂልኝ» ሲል ደግሞ፣ ለገዢው «አንተን የመሰለ ሰው አይቶ አያውቅም» ትላለች። ሁለቱ ተጨባብጠው፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። እሷ ቤት ይህ ውሸት አይባልም፤ ሥራ ይባላል።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ የገዛ የልጅ ልጇን በአስተርጓሚ የምታናግረው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ልጇ ነቢል ሩሲያ ምህንድስና ሊማር ሄዶ ከዲግሪው ጋር ሚስት ይዞ ቀረ። ሃያትን ወለደ፤ ከስሟ በቀር የነገሌ ነገር የላትም፣ አፏን የፈታችው በሩሲያኛ ነው። «ሥራ ይበዛብኛል» ያለው አባቷ አማርኛም ኦሮምኛም አላስተማራትም። የሥራ ብዛት ለሩሲያኛ ጊዜ ሰጥቶ ለኦሮምኛ እንደሚነፍግ መሱዳ ያወቀችው ያኔ ነው።

እሁድ እሁድ በስልክ ይተያያሉ። ከወዲያ በኩል ሃያት፣ የሚስቱ እናት ዞያ፣ በመሀላቸውም ነቢል። መሱዳ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ሃያትን በዚህ ክረምት አምጡልኝ። ሳልሞት ልቀፋት።» ነቢል ይህን ወደ ሩሲያኛ ይገለብጣል። ዞያ እጇን እያወናጨፈች ብዙ ታወራለች። ከዚያ ነቢል ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ኢንሻአላህ ብላለች፣ እማዬ።»

አራት ዓመት ሙሉ ኢንሻአላህ! መሱዳ በሆዷ «ይህች ሴት መቼ ሰለመች? ደግሞስ ያ ሁሉ ወሬ ተጨምቆ አንድ ኢንሻአላህ ብቻ ይወጣዋል?» አለች። ለማንም ሳትናገር ሻምበል ሞሉ ዘንድ ሄደች።

ሻምበል ሞሉ በደርግ ጊዜ ታንክ ጥገና ሊማሩ ሶቭየት ኅብረት የተላኩ ሰው ናቸው። ተምረው እንደመጡ የላካቸው መንግሥት ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ያስተማራቸው አገር ራሱ ፈረሰ። የነገሌ ሰው «ሻምበል የነኩት አይበረክትም» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸው ግን የብረት በር እየበየዱ ይኖራሉ። መሱዳ «ሩሲያኛ አስተምሩኝ» ስትላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን ሁሉ ዘመን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

ትምህርቱ ግን የሚያስለቅሰው ተማሪዋን ነበር። ቃሉ ሁሉ ጭራውን ይለዋውጣል፤ ላሟ ስትሸጥ ሌላ፣ ስትታለብ ሌላ፣ ወደ እሷ ሲኬድ ደግሞ ሌላ።

«ምነው ሻምበል! ላሟ እኮ ያቺው ናት! በኛ ገበያ ቢሆን ይህ ማጭበርበር ነው።»

«እኔ አላወጣሁት መሱዳ። እኔንም በቅጣት ነው ያስተማሩኝ።»

የሻምበል ሩሲያኛም ሻምበል ነበር፤ ተነስ፣ ተቀመጥ፣ ዝም በል፣ ዙር፣ ወደፊት ሂድ። መሱዳ ሱቅ የሚገቡትን ፍየሎች በሩሲያኛ ስታዝ፣ ፍየሎቹ ከእሷ ቀድመው ቋንቋውን ለመዱ። አንድ ቀን «ለልጅ ‹የኔ ቆንጆ› እንዴት ይባላል?» ብትላቸው ሻምበል ራሳቸውን አከኩ።

«እሱን በታንክ ትምህርት አልደረስንበትም።»

በማግስቱ ግን ፊታቸው ቀልቶ መጡና «ሚላያ» አሏት። ከየት እንዳመጡት እሷም አልጠየቀች፣ እሳቸውም አልተናገሩ።

ዓመት አልፎ፣ ሩሲያኛው ጆሮዋ ሲገባ፣ አንድ እሁድ መሱዳ ሻሿን አሳምራ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። ልታስደንቃቸው ነው።

«አካም፣ ናጋ?»

«ናጋ፣ እማዬ።»

በመጀመሪያ የራሷን ቃል በሩሲያኛ ልትሰማው ፈለገችና እንደወትሮዋ «ሃያትን አምጡልኝ» አለች። ነቢል ወደ ዞያ ዞረ። «እናቴ ሰላም ትላችኋለች። አገሩ በረሃ ነው፣ ልጅቷ ትደግና ትመጣለች ትላለች» አላት።

ነገሩ ለመሱዳ ገባት። ዞያ መነጽሯን አስተካከለች። «አያት ተብላ አንድ ቀን እንኳ ልያት የማትል ምን ዓይነት ሴት ናት?» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቅያሜ ነበረበት።

«በጣም ናፍቀሻታል፣ እማዬ። ኢንሻአላህ ብላለች።»

እባብ ለእባብ ይተያያሉ ካብ ለካብ። መሱዳ ልጇን አየችው፤ ያች ለስላሳ ፈገግታ፣ ያ የጉሮሮ መጥረግ የሷ የገዛ ዕቃ ነው። አንዷ «አምጡ» ስትባል እንዳትቀየም፣ ሌላዋ «አይሆንም» ሰምታ እንዳታዝን ብሎ ነው። ተናደደች፤ የባሰ ያናደዳት ግን ሥራውን ማበላሸቱ ነው። የሷ ውሸት በሬውን ያሻግራል። የሱ ውሸት በሬውን አምስት ዓመት በር ላይ አቁሞታል።

«ነቢል!» አለች። «ክሩጎም! ሻጎም ማርሽ!»

ዙር፣ ወደፊት ሂድ ማለት ነው። ነቢል ከመቀመጫው ተፈናጥሮ፣ እግሩ ራሱ ይዞት ከክፍሉ ወጣ። ሃያት ጨዋታ መስሏት እየሳቀች እግሯን ታነሳና ትጥል ጀመር።

«ጠየቅሁ» አለች መሱዳ፣ ጭራው ሁሉ በተሳሳተ ሩሲያኛ። «እኔ። እሁድ፣ እሁድ፣ እሁድ። አምስት ዓመት። ልጅ ስጡኝ። ሚላያ ስጡኝ።»

ዞያ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «እዚያ ጅብ አለ ይባላል» አለች።

«አለ» አለች መሱዳ። እንደ ደላላ ቢሆን የለም ማለት ነበረባት። «እኔን ይፈራል።»

ዞያ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ በሩ ገልመጥ ብላ ወደ ስልኩ ተጠጋችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። አውሮፕላን ትፈራለች፤ ቢሆንም በሐምሌ ሃያትን ይዛ ራሷ ትመጣለች። ለነቢል ግን እንዳይነገረው፤ ከሰማ ይተረጉመዋል።

ነቢል በሩን ገርበብ አድርጎ ራሱን አስገባ። ላቡ ይታያል።

«እማዬ፣ ምን አለችሽ?»

መሱዳ ዞያን አየቻት፣ ጉሮሮዋንም ጠረገች።

«ኢንሻአላህ ብላለች።»