በበረዶ የተላከው ደም

ጉንቮር ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትበልት የኖረች ሴት ናት። በሰሜን ኖርዌይ ባለችው ትንሽ ደሴታቸው፣ እንዳይበላሽ የተፈለገ ነገር ሁሉ በረዶ ይደረግበታል። ስለዚህ ካንሰር የያዘውን የባሏን ደም ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ስትልክ፣ ማንም ሳያዛት ሳጥኑን በበረዶ ጠቀጠቀችው። ጎበዝ ነኝ ብላ!

በማግስቱ ከሆስፒታሉ ተደወለላት። ደሙ በረዶ ሆኖ ስለተበላሸ የካንሰሩን ምልክት ከሌላው መለየት አልተቻለም።

"እና ምን ይሻላል?" አለች ጉንቮር።

"ነገ ሌላ ደም ይምጣልን። አለዚያ ሐኪሞቹ ሰኞ የሚወስኑት ጭንቅላቱን በተነሣው ፎቶ ብቻ ነው።"

ፎቶው ደግሞ በባሏ በቶርላይፍ ጭንቅላት ውስጥ ያለው እብጠት ማደጉን ያሳያል። ያደገው ካንሰሩ ከሆነ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነውና ይቋረጣል። መድኃኒቱ ራሱ ያመጣው እብጠት ከሆነ ግን፣ ካቋረጡት በሕይወት ያቆየውን ነገር ሊነጥቁት ነው። ይህን የሚለየው ደሙ ነበር። እሷ እንደ ዓሣ አደረገችው።

"ጨውስ አልነሰነስሽበትም?" አለ ቶርላይፍ ስትነግረው።

"እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ አንተ ትቀልዳለህ!"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ደም እንደሆነ ሞልቶኛል" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

ጠዋት የደሴቷ ነርስ ራንዲ ደሙን ቀዳችና "አይሙቅ፣ አይብረድ፤ አደራሽን" አለቻት። ጉንቮር ሳጥኑን በሱፍ ሹራብ ጠቅልላ ጀልባው ላይ ወጣች። ባሕሩ ተቆጥቷል። ጀልባው በተናጠ ቁጥር ሳጥኑን አጥብቃ ታቅፈዋለች።

"እትዬ ጉንቮር፣ ወዲህ ይበሉት፣ ቀዝቃዛው ክፍል ላስቀምጥልዎ" አላት መርከበኛው።

"እጅህን ሰብስብ!" ብላ ጮኸችበት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ግድም አልሰጣት።

ደሙን አስረክባ ማምሻውን ቤቷ እንደገባች ከሆስፒታሉ ተደወለ።

"ደሙ ደህና ደርሷል፤ ይነበባል። ውጤቱን ሰኞ ሐኪሙ ራሳቸው ይነግሯችኋል።"

በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ስትዞር ግን አንድ ነገር ገባት። እስካሁን ጭንቀቷ ሁሉ ደሙ ሳይነበብ እንዳይቀር ነበር። ምን ይል ይሆን ብላ ገና አልፈራችም ነበር።

"ሰማህ? ይነበባል አሉ" አለችው፣ ቀልዱን እየጠበቀች።

ቶርላይፍ አልቀለደም። እጇን ያዘ። እስከ ሰኞ የሚለቃት አይመስልም ነበር።