የሙዜ ዋንጃላ ሰባት «አልታየም»

ሰፈሩ ለዕድሜው ክብር «ሙዜ» የሚለው ዋንጃላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በስኳር ፋብሪካው በር ላይ አገዳ የጫነ መኪና ሲመዝን የኖረ ሰው ነው። አንድ ኪሎ ጨምሮ አያውቅም፤ አንድ ኪሎ ቀንሶም አያውቅም። በዚህ የተነሳ ቡንጎማ ከተማ ውስጥ የሚያከብረው ሞልቷል። የምትወደው ግን ሚስቱ ናሲሚዩ ነበረች፤ እሷም ስምንት ወር ሆናት ከሞተች።

ናሲሚዩ እግዚአብሔርን የማታይበት ቦታ አልነበራትም። የታጠበውን ካስገባች በኋላ ከዘነበ እግዚአብሔር ነው። ሳታስገባ ከዘነበም እግዚአብሔር ነው፤ ልብሱ ድሮውንም አልጠራም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የጸሎት ኅብረቱ የሚሰበሰበው እሷ ግቢ አቮካዶው ሥር ነው። በኅብረቱ ልማድ፣ በሳምንቱ ውስጥ እግዚአብሔርን የት እንዳየ መጀመሪያ ተነስቶ የሚመሰክረው የግቢው ባለቤት ነው። እሷ ስትሞት ይኸው ተራ ለዋንጃላ ደረሰው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይነሳል፣ «አላየሁም» ይላል፣ ይቀመጣል።

ሠላሳ አራት ሐሙስ እንዲህ አለፈ። በሠላሳ አራተኛው የኅብረቱ ሽማግሌ የባራሳ ትዕግሥት አለቀ።

«ወንድም ዋንጃላ፣ ቅር እንዳይልህ። ባለቤቱ ምስክርነት በሌለው ግቢ ስንት ጊዜ እንሰበሰባለን? እስከ መጪው ሐሙስ ካልተገኘ ኅብረቱ ወደ እኔ ቤት ይዛወራል። እኔ ጋ ድምፅ ማጉያም አለ።»

ዋንጃላ ዛፉን ቀና ብሎ አየ። ዛፉ ሥር ሲዘመር ናሲሚዩ ሻይ ልታፈላ ጓዳ ገብታ የቆየች ይመስለው ነበር። ከእሷ የቀረችው ይህቺ ሐሙስ ብቻ ናት። እሷም ከሄደች አቮካዶው ሥር የሚቀሩት ዶሮዎች ናቸው።

ጓደኛው ማኮካ ሰዉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀረት አለና፣ «አንተ ደረቅ! አንድ ሕልም አየሁ በላቸውና ገላግለን» አለው።

«ሕልም አላየሁም።»

«ማን ሊመዝንብህ ነው?»

«እኔ።»

ስለዚህ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ከሣጥኑ አሮጌ ደብተር አወጣ፣ አሰመረ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከበሩ የገባውን ሁሉ መዘገበ። በስተቀኝ በኩል ለእግዚአብሔር አንድ ዓምድ ተወለት።

ሐሙስ ደረሰ። ዋንጃላ መነጽሩን አደረገና ተነሳ።

«ምስክርነት የለኝም። ሪፖርት ግን አለኝ» አለ። ባራሳ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሐሙስ። ራሶዋ ጨው ልትበደር መጣች፤ እራት እስኪያልቅ ተቀመጠች። እግዚአብሔር፦ አልታየም።

«ዓርብ። ማኮካ ፍየልህ በቆሎዬን በላችው ብሎ ሊሰድበኝ መጣ። ሰደበኝ። ኡጋሊ ገንፎውን ሁለት ጊዜ አስጨመረ። አልታየም።

«ቅዳሜ። ሊዲያ ዣንጥላዬን ረስቼ ነበር አለች። ዣንጥላ አልተገኘም። ጎመኑን ከተፈችልኝ፤ አብራኝ በላች። አልታየም።

«እሑድ። ነርሷ ናኩሚቻ ደም ግፊትዎን ልለካ አለች። ደም ግፊት የለብኝም አልኳት። ለማንኛውም ብላ ለካች፤ በላች። አልታየም።

«ሰኞ። ሲሚዩ መብራት ጠፋብኝ ብሎ እራቱን ይዞ መጣ። የሲሚዩ ቤት ከመስኮቴ ይታያል፤ መብራቱ በርቷል። አልታየም።

«ማክሰኞ። የፓስተሩ ሚስት በስሕተት ሁለት ዳቦ ጋገርኩ ብላ መጣች፤ አንዱን አብረን በላን። አልታየም።

«ረቡዕ። ሽማግሌ ባራሳ ስለ ምስክርነት ሊገሥጸኝ መጣ። ገሠጸኝ። ዓሣውን ጨረሰው።»

ባራሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። ዋንጃላ «አልታየም» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ገጹን ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። ባዶ ቀን የለም። ሁለት እንግዳ የተደረበበትም ቀን የለም።

«ራሶዋ» አለ። «አንቺ ጨው ነጋዴ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ ሙዜ።»

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ጨው የምትበደሪው ለምንድን ነው?»

ራሶዋ መሬት መሬት አየች። «ለብቻዎ ሲበሉ እየታየኝ አላስችል አለኛ! እኔ ካልመጣሁ ማን ይመጣል ብዬ።»

«ሐሙስን ማን ሰጠሽ?»

«ማንም። ሐሙስ ሱቁን በጊዜ ነው የምዘጋው።»

«አንተስ? ዓርብን?»

«ማን ይሰጠኛል?» አለ ማኮካ። «ዓርብ ዓርብ ሚስቴ ባቄላ ትቀቅላለች።»

እየዞረ ሰባቱንም ጠየቀ። ስምንት ወር ሙሉ በየቀናቸው መጥተዋል፤ ያዘዛቸው የለም፤ የተማከሩም የሉም። ሁሉም እኔ ብቻ ነኝ ብለው ነበር። አሁን እርስ በርስ ተያዩ።

ዋንጃላ መነጽሩን አወለቀ።

«በሩ ላይ ሰባት መኪና ዝም ብለህ ብትጠብቅ፣ ሰባቱም ማክሰኞ ይመጡብሃል። ስድስቱን ቀን ዝንብ ስታባርር ትውላለህ። ተራ አውጪ ሳይኖር ተራ ጠብቆ የመጣ መኪና በሠላሳ አንድ ዓመት አላየሁም።» ደብተሩን በመዳፉ መታ አደረገ። «እኔ ናሲሚዩን አጥቼ ዓይኔ ጨልሞብኝ፣ ስምንት ወር አንድ ማታ እንኳን ብቻዬን አልበላሁም። ሳላውቀው! ተራ ያወጣ አለ።»

ከዚያ አለቀሰ። ማኮካም አለቀሰ፤ በኋላ ግን አቮካዶው አቧራ አራገፈብኝ ብሎ ተከራከረ።

ዋንጃላ እርሳሱን አውጥቶ የጻፋቸውን «አልታየም» አንድ በአንድ ሰረዘና ደብተሩን ለባራሳ ዘረጋለት።

«የተሰረዘ ነገር ሌላ ሰው ካልፈረመበት አይጸድቅም። ደንብ ነው።»

ባራሳ ሰባት ጊዜ ፈረመ። የድምፅ ማጉያውን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሲመሽ በሩ ተንኳኳ። ራሶዋ ናት።

«ሙዜ፣ ጨው አልቆብኝ ነበር» አለች፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ።

ዋንጃላ ጨውን በብርጭቆ ሞልቶ አስቀምጦላት ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተቀምጧል።

«ይበቃሻል?»

«ለሳምንት ይበቃኛል።»

እሷ እጇን ስትታጠብ ደብተሩን ገለጠ። «ሐሙስ። ራሶዋ ጨው ልትበደር መጣች» ብሎ ጻፈ። በስተቀኝ ባለው ዓምድ ደግሞ ሰዓቱን አየት አድርጎ ሞላ፦

«እግዚአብሔር፦ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ።»